የዓሣ አንጀት የማን ነው?

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር የሕግ ትምህርት ጀመርሁ። አንደኛ ዓመት ነኝ። የምንማረው ቅዳሜና እሑድ ነው። ከፊት እቀመጣለሁ፤ ማስታወሻዬን ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ እንደገና በንጹሕ እገለብጣለሁ። የክፍሌ ልጆች "ማዘር" ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት መምህራችን "የሕዝብ ጤና ሕግ ከየት ይወጣል?" ብሎ ጠየቀን። አንዱ "ከምክር ቤት" አለ፤ አንዷ "ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት" አለች። እኔም እጄን አውጥቼ "አንዳንዴ ከፎቶ ኮፒ ማሽንም ይወጣል" አልሁ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም። "ይህን ለተማሪዎች መጽሔት ይጻፉልን" አለኝ። የሕግ ቃል ተሳስቼ ብጠቀም ያርመኛል ብዬ እጽፋለሁ። የሥራውን ነገር ግን የማውቀውን ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ሳኒቴሪያን ነበር። ሐኪም የታመመውን ሰው ያያል፤ ሳኒቴሪያን ሰው ከመታመሙ በፊት የሚጠጣውን፣ የሚበላውንና የሚጸዳዳበትን ያያል። ሐኪም ሲመጣ ሰው ደስ ብሎት ወንበር ያቀርባል። እኛ ስንመጣ ድስት ይከድናል።

መጀመሪያ የተመደብሁት ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ባለ የገጠር ወረዳ ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃዬ በየወሩ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ስንት መጸዳጃ ተቆፈረ?" ስንቱ ሥራ ላይ እንደዋለ አይጠይቅም። አንድ ገበሬ በእኔ ምክር ያማረ መጸዳጃ ሠርቶ፣ ልጎበኝ ስሄድ ገብስ ሞልቶበት አገኘሁ። "ምነው?" ብለው "እትዬ፣ ይሄን የመሰለ ቤት ለእዳሪ!" አለኝ። አለቃዬ ግን በሪፖርቱ ላይ ቆጠረው። ቀጥሎ ከከተማው ዳር ባለችው በሰባታሚት ሠራሁ፤ ያኔ ገና አብዛኛው እርሻ ነበር። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ተዛወርሁ። ደመወዙ በሁሉም ቦታ ያው ነው፤ የሚለየው የጫማው ማለቅ ነው።

ሥራውን በትክክል ያስተማሩኝ ከተማ ያገኘኋቸው ጋሼ አለልኝ ናቸው። የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ብስክሌታቸውን ከመንዳት መግፋት ይወዳሉ። "ብስክሌት ላይ ሆኖ ቦይ አይታይም" ይላሉ። ምግብ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ወደ ወጥ ቤቱ አይሄዱም፤ እጃቸውን ይታጠባሉ። ሳሙና ከሌለ፣ ቧንቧው ከደረቀ፣ ፎጣው ከጠቆረ፣ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ ግማሹን አውቀዋል ማለት ነው። ውሃ ሊመረምሩ ሲሄዱም ወደ ውሃው አይመለከቱም። ጀርባቸውን ለውሃ ጉድጓዱ ሰጥተው ወደ ዳገቱ ያያሉ።

"የሺ፣ ውሃ ራሱን አይበክልም። ከላይ ማን ነው የሚኖረው?" ይሉኝ ነበር።

ቀጥለው የመቅጃውን ገመድ ጫፍ በጣታቸው ያሹታል፤ ካሟለጨ ፊታቸው ይለወጣል። ናሙና ሲወስዱ የጠርሙሱን ክዳን በትንሿ ጣታቸውና በመዳፋቸው መካከል ይይዙታል እንጂ መሬት ላይ አያስቀምጡትም። ጠርሙሱ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በዚያው ዕለት ላቦራቶሪ ካልገባ ይደፉታል። "የዘገየ ናሙና የሐሰት ምስክር ነው" ይላሉ።

አንድ ልማዳቸው ግን ያሰለቸኝ ነበር። የሕዝብ ጤና አዋጁን በፌስታል ጠቅልለው ይይዛሉ። ምርመራ ከመጀመራቸው በፊት ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው የሚመለከተውን አንቀጽ ጮክ ብለው ያነቡለታል። ማንበብ የሚችል ከሆነ ራሱ እንዲያነብ ይሰጡታል። በቀን ስድስት ቤት ማየት ስንችል ሦስት እናያለን።

"ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ለምን?" አልኋቸው አንድ ቀን።

"ሰው በማያውቀው ሕግ ሲቀጣ ሕጉን ሳይሆን አንቺን ነው የሚጠላ" አሉኝ።

እሺ አልሁ እንጂ አልገባኝም። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለእኔ ደረሰ። አንቀጽ ማንበቡን ተውሁት። በእሱ ፋንታ ለየድርጅቱ የሚሰጥ አንድ መመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ነበረ። ስለ ቆሻሻ ጉድጓድ፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ መጸዳጃ ርቀት በጥሩ አማርኛ ተጽፏል። ያን ኮፒ አድርገን፣ የቢሯችንን ማኅተም መትተን እንሰጣለን። ከኮፒው ኮፒ፣ ከዚያም ኮፒ እየተደረገ ለዓመታት ሠርተንበታል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ከሐይቁ ዳር፣ ስሙን በማልጠራው መንደር፣ የዓሣ ማጽጃ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ሐጂ ኑሩ ይባላሉ፤ ቤተሰባቸው ከአባታቸው ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ ነጋዴ ነው። ጧት ጧት ጀልባዎች ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሣዎች ያወርዳሉ፤ ሴቶቹ ተቀብለው ይፈለፍሉታል፣ ያጥቡታል፣ ለሆቴሎች ይላካል። ከሴቶቹ ሁሉ ፈጣኗ ማሬ ነበረች። ዓሣውን አንዴ ገልበጥ፣ አንዴ ሰንጠቅ አድርጋ አጥንቱን ለብቻ ታወጣዋለች። ማሬና ብዙዎቹ ጓደኞቿ ከማጽጃ ቤቱ ጀርባ ተከራይተው ይኖራሉ፤ የሚጠጡትም ከዚያው ካለ የውሃ ጉድጓድ ነው።

ገመዱን አሸሁት፤ ያሟልጫል። ቀና ብዬ ወደ ዳገቱ ስመለከት የዓሣው አንጀት የሚጣልበትና የሠራተኞቹ መጸዳጃ የሚፈስበት የቆሻሻ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓዱ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ናሙና ወሰድሁ። ማሬ ቢላዋዋን እንደያዘች ትመለከተኝ ነበር።

"እትዬ የሺ፣ ውሃችንን በጠርሙስ የሚወስዱት ቤትዎ ቧንቧው ጠፍቶ ነው?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

የናሙናው ውጤት መጥፎ ሆነ። ደግሜ ወሰድሁ፤ ያው ነው። ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄጄ የቆሻሻ ጉድጓዱ መነሣት እንዳለበት ነገርኋቸው።

"የሺ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ" አሉኝ። "ሰው ሲያዘኝ አልወድም፤ ሕግ ሲያዘኝ እታዘዛለሁ። ሕጉን አሳዪኝ።"

መመሪያውን ሰጠኋቸው። ከውሃ ሠላሳ ሜትር ይራቅ የሚለውን ቦታ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ገለበጡት፣ እንደገና ገለበጡት።

"ይሄ የማንም ፊርማ የለበትም።"

"ማኅተም አለው፣ ሐጂ።"

"እሺ" አሉ፣ "ማኅተም አለው።" አሾፉ ወይስ ተቀበሉ አልለየሁም።

እንዲያስነሡት የሰጠኋቸው ቀነ ገደብ አለፈ፤ ጉድጓዱ አልተነሣም። ሄጄ በሩን አሸግሁት። ሠራተኞቹ ሁሉ ውጭ ቆመው ያዩኛል። ማሬ ሽርጧን እየፈታች ቀረበችኝ።

"እትዬ የሺ፣ በሽታው እስኪመጣ ረሃቡ አይቆየኝም እኮ" አለችኝ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ሐጂ ኑሩ ጠበቃ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። እኔ የላቦራቶሪ ውጤቱን ይዤ፣ መመሪያውን ይዤ፣ እንደማሸንፍ እርግጠኛ ሆኜ ቀረብሁ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። መመሪያውን አየችና "ይህን ማን አጸደቀው? መቼ?" ብላ ጠየቀችኝ። ማኅተሙን አሳየኋት። ጠበቃው ተነሣና ከአንድ የድሮ መዝገብ ቤት ያስወጣውን የመጀመሪያ ቅጂ አቀረበ። ጽሑፉ ቃል በቃል የእኛው ነው። በራስጌው ቀኝ ጥግ ላይ ግን በእጅ፣ በእርሳስ፣ "ረቂቅ" ተብሎ ተጽፏል።

የእርሳስ ጽሑፍ ኮፒ ሲደረግ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ላይ ይሳሳል፣ ሦስተኛው ላይ ይጠፋል። እኛ በጠፋው ላይ ማኅተም እየመታን ሕግ አድርገነው ኖረናል።

ዳኛዋ እሽጉ እንዲነሣ ወሰነች። ወደ እኔ ዞራም እንዲህ አለች፦ "አደጋ የለም አላልሁም። በዚህ ወረቀት መዝጋት አይቻልም ነው ያልሁት። አዋጁን መሠረት ቢያደርጉ ኖሮ ክርክሩ ሌላ ይሆን ነበር።"

አዋጁ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ጋሼ አለልኝ በፌስታል ጠቅልለው ትተውልኝ የሄዱት ነው። እኔ ግን የአዋጁን አንቀጽ ሳልጠቅስ፣ የቀለለኝን ኮፒ ይዤ ሄድሁ። እንደገና በአዋጁ ለመሄድ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አለቆቼ በፍርድ ቤት ከተሸነፍን በኋላ እንደገና መሸነፍ ስለፈሩ "ይጠና" ብለው መለሱልኝ። እኔም "ይጠና"ን ተቀብዬ ተቀመጥሁ። ይህንን የማንም ጥፋት ነው አልልም፤ የእኔ ነው።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ የቆሻሻ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ታች ፈሰሰ። አተት ገባ፤ በተቅማጥና በትውከት ሰውን በአንድ ቀን የሚያደርቀው በሽታ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ማሬ ለተቅማጡ ተብሎ መሐሉ በተቀደደ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ በሁለቱም ክንዷ ግሉኮስ ተሰክቷል። ያ ፈጣን እጇ ቆዳው ተጨማዶ የአሮጊት እጅ መስሏል። አወቀችኝ።

"ጠርሙስዎን ይዘው መጡ?" አለችኝ፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም።

በማግሥቱ አረፈች። ከዚያ በኋላ ግብረ ኃይል ተቋቋመና የውሃ ጉድጓዱም፣ ማጽጃ ቤቱም ተዘጋ። ማንም አንቀጽ አልጠየቀም። ወረርሽኙ ሲያልቅ ግን ግብረ ኃይሉም አለቀ፤ በሩም ተከፈተ። የቆሻሻ ጉድጓዱ እዚያው ነው። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት አልቀረኝም። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ያንን ጉድጓድ በሕግ ሳላስነሣ ከሥራ አልወጣም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

መስከረም ላይ ጋሼ አለልኝን ፍለጋ ወንዛዬ ሄድሁ። ለጉልበታቸው ፍል ውሃ ገብተው ነበር። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ላባቸው እየወረደ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙኝ። 

"'ረቂቅ' የሚለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ?"

"ወረቀቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። እንዲጸድቅ ወደ ላይ ላክሁት። ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ መዋቅር ተቀየረ። የምግቡ ቁጥጥር ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ የውሃው ለሌላ ተሰጠ። የላክሁለት ክፍል ራሱ ፈረሰ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ፤ እነዚህ ወደ እነዚያ፣ እነዚያም ወደ እነዚህ ላኩኝ። ከዚያ ሰለቸኝ። እኔ ግን አንድም ቀን በሱ ሰው ቀጥቼ አላውቅም። ለምን በአዋጁ ብቻ እንጂ በዚያ ወረቀት እንደማልሠራ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"አልጠየቅሁም።"

"እኔም አልነገርሁሽም። እንግዲህ ሁለታችንም አለንበት።"

ከዚያ ጣታቸውን እየቆጠሩ ቀጠሉ። "ዓሣው ውሃ ውስጥ ሳለ የእንስሳት ሀብት ሰዎች ነው። ጀልባ ላይ ሲወጣ የኅብረት ሥራ ነው። ገበያ ሲደርስ የንግድ፣ ሆድ ሲገባ የጤና። አንጀቱስ የማን ነው? የማንም አይደለም። ስለዚህ መሬት ላይ ይቀራል። አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ቢያወጣ ሌሎቹን አያስገድድም። አራቱንም የሚያዘው ማን ነው?"

"የከተማው ምክር ቤት።"

"ታዲያ እዚያ ሂጂ። መመሪያ ሳይሆን ደንብ በይ። ደግሞ ሰውየውን ይዘሽ ሂጂ።"

"ሐጂ ኑሩን? የከሰሱኝን?"

"ሕጉ የሚነካው ሰው ሲጻፍ ካልነበረ፣ ሲነበብለት ጠበቃ ነው የሚጠራ።"

ሐጂ ኑሩ ዘንድ ስሄድ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"ሕግ አሳዪኝ አልሁሽ እንጂ ሰው ይሙት አላልሁም" አሉ። "ለማሬ እኔም አልቅሻለሁ። አሥር ዓመት እጄ ሥር ኖራለች።"

"አውቃለሁ፣ ሐጂ። ሕጉን አብረን እንጻፈው።"

"እኔን ብቻ የሚይዝ ከሆነ አልገባበትም። ሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ሆቴሎችስ? የእነሱ ቱቦ ወዴት ነው የሚሄደው?"

ልክ ናቸው። ጻፍሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ግን የሕግ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛል። አራቱን መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ አምስት ጊዜ ጠራኋቸው። አራት ጊዜ አንዱ ይቀራል። ሁሉም የሚጀምረው "እኛን ባይመለከተንም" ብሎ ነው። እኔም ለእያንዳንዱ የተቋቋመበትን ሕግ አንቀጽ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ በኋላ ራሳቸው እያመጡ ማንበብ ጀመሩ። ረቂቁ ዘጠኝ ጊዜ ተጻፈ። በእያንዳንዱ ገጽ፣ ከላይም ከታችም፣ "ረቂቅ" የሚለውን በታይፕ አስመታሁበት።

ጥር ላይ ምክር ቤት ቀረበ። አንድ አባል "የከተማው ችግር ይህ ብቻ ነው? የዓሣ አንጀት?" አለና አዳራሹ ሳቀ። "ለጥናት ይመለስ" ተባለ። ያን ቃል አውቀዋለሁ። በዚህ ጊዜ ግን አልተቀመጥሁም። የምክር ቤቱን አባላት አንድ በአንድ፣ በየቀበሌያቸው፣ ደጃቸው ድረስ ሄጄ አነበብሁላቸው። ያንን ያሾፈውን ሰው ወደ ውሃ ጉድጓዱ ወሰድሁት። ወደ ውሃው ጎንበስ ሊል ሲል ትከሻውን ይዤ ወደ ዳገቱ አዞርሁት። 

ሰኔ መጀመሪያ ላይ እንደገና ቀረበ። የማጽጃ ቤቱ ሴቶች ከነቦቲ ጫማቸው መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ ሐጂ ኑሩ ከፊታቸው። ደንቡ ጸደቀ። የሆቴሎቹ አንቀጽ ግን የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጠው። ሐጂ ኑሩ ወደ እኔ ዞረው "አየሽ፣ የእኔ ዛሬ፣ የእነሱ ለከርሞ" አሉኝ።  እስከ ዛሬም ያናድደኛል፤ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፣ እየቆጠርሁት ነው።

በሥራዬ የመጨረሻ ሳምንት ማጽጃ ቤቱ ሄድሁ። ሰማዩ ጠቁሯል። ሐጂ ኑሩ ከሴቶቹ መካከል ከድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የደንቡ ቅጂ ጭናቸው ላይ ነው፤ አፈ ጉባኤው የፈረሙበት። መጀመሪያ አንቀጹን አነበብሁላቸው። ከዚያ እሳቸው ደግመው ለሠራተኞቹ አነበቡላቸው። አዲሱ የቆሻሻ ጉድጓድ ተቆፍሮ ደረት ደርሷል። ሜትር አወጣሁና ጫፉን ለአንዲቱ ሴት ሰጠኋት፤ ከውሃ ጉድጓዱ አፍ ጀምራ ያዘችልኝ።

"ስንት ነው?" አሉ ሐጂ ኑሩ።

"ሃያ ስምንት።"

"ሃያ ስምንት ከሆነማ ደርሷል። ሁለት ሜትር ምን ይለያል?"

"ሠላሳ ነው የሚለው፣ ሐጂ። አሁን አንብበውታል።"

ጭናቸው ላይ ያለውን ወረቀት አዩት። ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀመረ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያሉ። ሐጂ ኑሩ ተነሡ፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"ድፈኑት" አሏቸው። "ሁለት ሜትር ወደ ላይ ውጡ።"

ቆፋሪዎቹ የቆፈሩትን መልሰው ደፈኑና እንደ አዲስ ጀመሩ። ዣንጥላ አልያዝሁም ነበር። ደረት እስኪደርስ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከዚያ እንደገና ለካሁት።